ከሚዛኑ በፊት ሜትር፦ ልብን፣ ግፊትንና ስኳርን በምግብና በክብደት ለመያዝ ከየት ይጀመራል?

ስለ ክብደት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው "ስንት ኪሎ ነህ?" የሚለው ነው። ለልብና ለስኳር ግን ከኪሎው በላይ ወሳኙ ስቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ፣ ሁለቱም 80 ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች አሉ እንበል። የአንዱ ስብ ጭኑና ዳሌው ላይ ነው፤ የሌላው ቦርጩ ውስጥ። የመጀመሪያው ምርመራ ሲያደርግ ምንም ላይገኝበት ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ የደም ቅባቱም አብረው ከፍ ብለው የመገኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ እዚህ "በወር 10 ኪሎ ቀንሱ" የሚል ነገር አታገኙም። ምን እንደምትለኩ፣ ከየትኛው ለውጥ እንደምትጀምሩ፣ የትኛውን ለጊዜው ብትተዉት እንደማይጎዳችሁ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ቀንሳችሁ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ ላብ ማለት፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል። የግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ ሊበዛባችሁ ይችላል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ምግባችሁን ልትቀይሩ እንደሆነ ለሐኪማችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት ራስን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ ችግር ውስጥ ያለፋችሁም ይህንን ብቻችሁን አትጀምሩት።

ቦርጭ ምን ያደርጋል?

አጭሩን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱ ሲገባችሁ የቀረው ሁሉ ይቀልላችኋል።

ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፣ በተለይ የጭንና የዳሌው፣ በአብዛኛው ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። ሆድ ውስጥ አንጀትና ጉበት አካባቢ የሚከማቸው ግን ሥራ አይፈታም። የቅባት አሲዶችን እየለቀቀ በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ይልካቸዋል። ጉበት ሲሞላበት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አንደኛ፣ ኢንሱሊን "በቃ፣ ስኳር አታምርት" ሲለው አይሰማም፤ ሁለተኛ፣ የተረፈውን ቅባት ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይለቃል። ትራይግሊሰራይድ ሲወጣ ኤችዲኤል የሚባለው "ጥሩው" ኮሌስትሮል ይወርዳል። ቆሽት ደግሞ ነገሩን ለማስተካከል ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ስለሚያደርግ ግፊት ከፍ ይላል። ቆሽት እንዲህ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ምርመራውም "ስኳር የለብህም" ይላል፤ የደከመው ቀን ነው ስኳሩ የሚታየው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን እነዚህ ነገሮች ተያይዘው እንደሚመጡና መነሻቸው ኢንሱሊን በደንብ አለመሥራቱ እንደሆነ በ1988 በሰፊው ከተናገሩ ወዲህ ነገሩ ሜታቦሊክ ሲንድረም በሚል ስም ታውቋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ሦስት የተለያዩ መጥፎ ዕድሎች አይደሉም። ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ሦስት ገጽታ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይም ይወርዳሉ።

1ኛ፦ ወገባችሁን ለኩ፣ ግን በትክክለኛው ቦታ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጠዋት ምግብ ሳትበሉ፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስባችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።

የሚለካው ቀበቶ የምታስሩበት ቦታ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቦርጭ ያለው ሰው ሱሪውን ከቦርጩ ሥር ስለሚያስር የሱሪው ቁጥር ለዓመታት ላይቀየር ይችላል፣ ቦርጩ ግን ከላይ እያደገ ነው፤ ከዚያ "እኔ እኮ ከድሮ ጀምሮ 34 ነው የምለብሰው" ይላችኋል። በጣታችሁ ከጎን በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ፈልጉ። ቀጥሎ የዳሌ አጥንት ከላይ የሚጀምርበትን ፈልጉ። የሁለቱን መሃል ያዙ፣ ሜትሩን እዚያ ላይ አዙሩት። ከኋላ እንዳይወርድ በመስታወት እዩ። ቆዳ ላይ ይረፍ እንጂ አይጥበቅ። ትንፋሻችሁን እንደወትሮው አውጡና ቁጥሩን አንብቡ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ የለም፤ ማንን ነው የምታታልሉት?

አሁን ቁጥሩን ከቁመታችሁ ጋር አስተያዩት። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ ማነስ አለበት። ቁመታችሁ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወገባችሁ ከ85 በታች ይሁን ማለት ነው። ወንድ ሴት ሳይል ለአዋቂ ሁሉ ይሠራል፣ ሰንጠረዥም አያስፈልገውም፤ ለዚህ ነው ከሁሉ የምመርጠው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 በላይ ሲሆን በጣም ይጨምራል።

ቢኤምአይስ? ክብደታችሁን በኪሎ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 82 ኪሎ ሆኖ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 28.4 ይመጣለታል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን በላይ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል። ይህን ስሌት ያመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ እሱ ሐኪም አልነበረም፣ ስለ ሕዝብ አማካይ ነበር የሚያጠናው። እውነትም ለሕዝብ ጥሩ መለኪያ ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ግን ጡንቻና ስብን አይለይም። ክብደት የሚያነሳው ጎረምሳ "ከመጠን በላይ" ይባላል፣ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰው ደግሞ "ጤናማ" ተብሎ ያልፋል። የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ማንም "ተመርመር" አይለውም።

2ኛ፦ ግፊትና ደም ተለኩ፣ ወረቀቱንም ራሳችሁ አንብቡ

ግፊት ስትለኩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ። ሽንት ቤት ሂዱ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልባችሁ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ማሰሪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይሁን። እየተለካችሁ አታውሩ። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለኩ። ደረጃ ወጥታችሁ እያለከለካችሁ የተለካው ቁጥር ለማስደንገጥ ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

ለደም ምርመራ ባዶ ሆዳችሁን ጠዋት ሂዱና የጾም ስኳር፣ ሙሉ የቅባት ምርመራ፣ ከተቻለ ኤችቢኤዋንሲ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ኤችቢኤዋንሲ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ነው የሚናገረው፤ ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ጨዋ ሆኖ መሰንበት አያታልለውም።

ሜታቦሊክ ሲንድረም አለ የሚባለው ከአምስቱ ሦስቱ ሲገኙ ነው፦ የወገብ መብለጥ፤ ትራይግሊሰራይድ 150 ወይም በላይ፤ ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች፤ ግፊት ከላይ 130 ወይም ከታች 85 የደረሰ፤ የጾም ስኳር 100 ወይም በላይ። የደሙ ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ወረቀታችሁ ላይ ስኳሩ "5.6" የሚል ዓይነት ትንሽ ቁጥር ካለ መለኪያው ሚሊሞል ነው፤ ስኳሩን በ18 አባዙት፣ 100 አካባቢ ይመጣል።

የጾም ስኳር 126 ወይም በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። ኤችቢኤዋንሲ 6.5 ወይም በላይ ሲሆንም እንደዚሁ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ደግሞ "ወደዚያ እየሄድክ ነው" የሚል ምልክት ነው። እኔ በበኩሌ ይህንን መጥፎ ዜና አልለውም፣ ምክንያቱም ከዚህ ላይ መመለስ እንደሚቻል በደንብ የታወቀ ነው።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ያዙ። ኤልዲኤል የሚባለው "መጥፎው" ኮሌስትሮል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከቦርጭ ጋር ያለው ግንኙነትም እንደሌሎቹ ጥብቅ አይደለም። ቀጭን ሆነው በዘር ምክንያት ኤልዲኤላቸው በጣም ከፍ ያለ ሰዎች አሉ። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ገና በወጣትነቱ የልብ ሕመም የመታው ሰው ካለ፣ ክብደታችሁ ምንም ይሁን ምን ሐኪም ጋር ሂዱ።

3ኛ፦ ትንሽ ግብ አስቀምጡ

ከክብደታችሁ ከ5 እስከ 7 በመቶ። በቃ። 90 ኪሎ ከሆናችሁ ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ ስድስት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። "ይሄማ ምን አላት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን አስቡት፣ ሰውነት ሲቀንስ የሆድ ውስጡንና የጉበቱን ስብ ቀድሞ ነው የሚያነሳው፤ መስታወት ላይ ሳይታይ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ በሽታው ግን ገና ያልያዛቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2002 የታተመ ጥናት ነበር። አንዱ ቡድን ክብደቱን 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ፣ ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ወሰደ፣ ሦስተኛው ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። ከዚህ ከመጨረሻው ቡድን ጋር ሲነጻጸር ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል ኪኒኑን በወሰዱት 31 በመቶ ቀነሰ፣ አኗኗራቸውን በቀየሩት 58 በመቶ።

ስኳር የያዛቸው ሰዎች ጋ ደግሞ ግቡ ከፍ ይላል። ብሪታንያ ውስጥ በ2017 በወጣ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በክትትል ክብደት እንዲቀንሱ ተደርጎ፣ ከዓመት በኋላ ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆኗል። 15 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት። ይህ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ ቆሽት ከደከመ በኋላ ይከብዳል።

ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይሁን። በጣም ፈጥኖ መቀነስ የሐሞት ጠጠር ያመጣል፣ ጡንቻም ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ከወረደላችሁ ደግሞ አትፈንድቁ፣ አብዛኛው ውሃ ነው።

4ኛ፦ ከሚጠጣው ጀምሩ

ምግባችሁን ሁሉ በአንድ ሰኞ አትገለብጡ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል የምመርጠው መጠጥን ነው፤ ምክንያቱም ምንም ሳይርባችሁ የምትቀንሱት እሱ ብቻ ነው። በፈሳሽ የገባ ስኳር አያጠግብም። ለስላሳ የጠጣ ሰው ምሳውን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ በላዩ ላይ ነው የሚጨምረው።

አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ለስላሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። አንዷ ጣሳ የ25ቱን ጨርሳ አለፈች ማለት ነው። ደግሞ የስኳሩ ግማሽ ገደማ ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶስን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ጉበት ነው፤ ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል።

ጁስስ? "ተፈጥሮ ነው" የምትሉ አላችሁ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይገባል፤ ያንን ቁጭ ብላችሁ ብትበሉት ግን ከሁለተኛው በኋላ ይበቃችኋል። ፍሬውን ብሉት፣ አትጠጡት።

ሻይና ቡና ላይ ያለውን ስኳር ቁጠሩት። በስኒ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ 12 ማንኪያ፤ ወደ 190 ካሎሪ። ባንድ ቀን መተው የሚከብዳችሁ ከሆነ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል፣ ከሁለት ወር በኋላ የድሮው ሻይ ራሱ ሽሮፕ ይሆንባችኋል። አልኮል ደግሞ በግራም 7 ካሎሪ አለው፣ ግፊትንና ትራይግሊሰራይድን ይጨምራል፤ "ለልብ ጥሩ ነው" የሚለውን ወሬ ሰበብ አታድርጉት።

5ኛ፦ ሳህኑን ከፋፍሉት

ካሎሪ መቁጠር ለሚወድ ይቁጠር። ለማይወድ ሳህኑ ይበቃዋል፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን ማለትም ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ የቀረው ሩብ እህል፣ ቢቻል ያልተፈተገ። ይህን ምሳና እራት ላይ ብቻ አድርጉት፣ ቁርስን ለጊዜው እንደነበረ ተዉት። ስትበሉ ደግሞ ከአትክልቱና ከፕሮቲኑ ጀምሩ፣ እህሉን ወደ መጨረሻ አድርጉት፤ ከምግብ በኋላ የስኳሩን መውጣት ያለሳልሰዋል።

ጥራጥሬ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ርካሹና የተናቀው መድኃኒት እሱ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አጃም ጨምሩበት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፋይበር አላቸው። ይህ ፋይበር አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል፣ ያንን ደግሞ ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን እየሳበ ያመጣል። ኤልዲኤል ቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሆድ ይይዛል፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመከራል፤ አንድ ስኒ የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ አለው። ካልለመዳችሁት ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ውሃም ጠጡ፣ አለበለዚያ ሆዳችሁ ይነፋና ጥፋቱን በእኔ ታላክካላችሁ።

በተቃራኒው ፋብሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ፣ የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ኩሽና ውስጥ የማይገኙ ስሞች የሞሉበትን ምግብ ቀንሱ። በ2019 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት ነበር። 20 ሰዎችን አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ቤት የሚሠራ ዓይነት ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና ፋይበር በሁለቱም እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ "የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ" ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፣ ክብደትም ጨመሩ። የጥናቱ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ግን እነሱ ሆዳሞች ስለሆኑ አልነበረም፣ ምግቡ ነው ያስበላቸው።

"ቅባት ይቀነስ ወይስ ካርቦሃይድሬት?" የሚለው ክርክር ውስጥ ጊዜያችሁን አታባክኑ። በ2018 ከ600 በላይ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ያነጻጸረ ጥናት ሁለቱም ቡድኖች ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። በቀን ውስጥ የመብያ ሰዓትን ማሳጠርም እንዲሁ ነው፤ የሚሠራው በዋናነት ያነሰ ስለሚያስበላ ነው። የምትችሉትን ምረጡ። ትራይግሊሰራይዳችሁ ወይም ስኳራችሁ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን የተፈተገ እህልንና ስኳርን መቀነስ ቶሎ ውጤት ያሳያል።

6ኛ፦ ዘይቱን እዩት

በክፍል ሙቀት የሚረጋ ቅባት በአብዛኛው ኤልዲኤልን ይጨምራል፦ ቅቤ፣ የሥጋ ጮማ፣ የሚረጋ የምግብ ዘይት። ከሁሉ የከፋው ትራንስ ፋት ነው፤ ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው፣ ብስኩትና ኬክ ውስጥ የሚገባው። ኤልዲኤልን ከፍ፣ ኤችዲኤልን ዝቅ ያደርጋል። ማሸጊያው ላይ "በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት" የሚል ካለ መልሱት።

ቁም ነገሩ በምን እንደምትተኩት ነው። ቅቤውን ቀንሳችሁ በነጭ ዳቦና በብስኩት ከሞላችሁት ለልባችሁ ያተረፋችሁት ነገር የለም። በፈሳሽ የአትክልት ዘይት፣ በለውዝ፣ በዓሣ ስትተኩት ነው ጥቅሙ የሚመጣው።

ዘይት "ጥሩ" ስለሆነ ግን አይፈስስም። ማንኛውም ቅባት በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል። ከጠርሙሱ በቀጥታ ማንቆርቆር ተዉና በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ብዙ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ክብደት የሚጨምረው ይሄ የማይቆጠረው ዘይት ነው።

7ኛ፦ ጨው

በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። ይህ ድስት ውስጥ የገባውንም፣ ዳቦ ውስጥ ያለውንም፣ በኩብ መልክ የሚሸጠውን የሾርባ ማጣፈጫም ይጨምራል። ማዕድ ላይ ያለውን የጨው ዕቃ አንሱት፣ ከዚያ ኩቡን ተዉ። ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ፖታሲየም ስላላቸው ኩላሊት ጨውን እንዲያስወጣ ያግዛሉ። "ጨው መሰል" ተብሎ የሚሸጠው ፖታሲየም ያለበት ግን የኩላሊት ሕመም ላለበትና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ ሳትጠይቁ አትጀምሩት። ክብደት ሲቀንስ ደግሞ በአማካይ በእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ነጥብ ገደማ ግፊት ይወርዳል።

8ኛ፦ ተንቀሳቀሱ፣ ግን ለሚዛኑ ብላችሁ አይደለም

እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም። ግማሽ ሰዓት የተራመዳችሁበትን ጥቂት ብስኩት ይመልሰዋል። ታዲያ ለምን? የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ስኳር ከደም ይስባል፤ ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ የሆድ ውስጡ ስብ ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የስኳሩን መውጣት ይገታል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር፦ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ክብደት ማንሳት። ምግብ እየቀነሳችሁ ጡንቻ ካላሠራችሁ የሚጠፋው ስብ ብቻ አይደለም። እንቅልፍም ከሰባት ሰዓት በታች አታውርዱት፤ ያልተኛ ሰው ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭ ነው።

9ኛ፦ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ለኩ

ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር ኤችቢኤዋንሲን ከሦስት ወር በፊት መድገም ብዙም አይነግራችሁም። ትራይግሊሰራይድና ግፊት ቀደም ብለው ይወርዳሉ። ወገባችሁን በሁለት ሳምንት አንዴ ለኩ፣ ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ውጡ፤ በየቀኑ የሚወጣ የሚወርደው ውሃና ጨው ነው።

የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ያነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ያነሰ ነው፣ ረሃብም ይጨምራል፣ የእናንተ ስንፍና አይደለም። ኪሎው ቆሞ ወገባችሁ እየቀነሰ ከሆነ ምንም አትንኩ። ሁለቱም ለወር ያህል ከቆሙና ቁጥሮቹ ገና ከሆኑ የእህሉን ሩብ ትንሽ አሳንሱት፣ ዘይቱን እንደገና ለኩት፣ ወይም ያላችሁበትን ክብደት ይዛችሁ መቆየትን ምረጡ። መያዝ ራሱ ከባድ ሥራ ነው።

ምግቡን አስተካክላችሁ፣ ተንቀሳቅሳችሁ፣ ቁጥሩ እምቢ ካለ መድኃኒት መውሰድ ሽንፈት አይደለም። ኤልዲኤልን ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚያወርደውን ያህል ምግብ አያወርደውም። ክብደት የሚቀንሱት አዳዲስ መርፌዎችም አሉ፤ በ2023 የታተመና ከ17,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ላይ፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሴማግሉታይድ የልብ ሕመም ያለባቸውና ክብደታቸው የበዛ፣ ስኳር ግን የሌለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት መሞትን በድምሩ 20 በመቶ ቀንሷል። ሲያቆሙት ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ስለዚህ ውሳኔው ከሐኪም ጋር ተቀምጦ የሚወሰን ነው።

ሦስት ወር ሳትጠብቁ የምትሄዱበት ሁኔታም አለ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ወይም ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ደግሞ ምንም ሳትቀንሱ፣ እየበላችሁ ኪሎ የሚወርድ ከሆነና ውሃ ጥሙ፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት መመላለሱ ካለበት፣ "እሰይ ቀነስኩ" አትበሉ፤ ስኳራችሁን በዚያው ቀን ተለኩ።